«ትንሽ አሞታል» የተባልኩ ቀን

እኔ ደባርቅ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ፋንታዬ እባላለሁ። ፊደል የለየሁት ልጄ ሰላም አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ እሷ ደብተሯን ዘርግታ ስታጠና ከጎኗ ቁጭ ብዬ ነው። አጻጻፌ አንዳንድ ቦታ ቢያነክስ ይቅር በሉኝ፤ ወሬ ላይ ግን አልታማም። ይህን የምነግራችሁን ነገር ለደንበኞቼ ልኬት እየወሰድኩ ደጋግሜ አውርቼዋለሁ። አንዳንዷ ቀሚሷን ረስታ ታለቅሳለች፣ አንዳንዷ ደግሞ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እናንተም እንደመጣላችሁ ሁኑ።

ባለቤቴ መልካሙ ግንበኛ ነው። ያን ዓመት መካነ ብርሃን የትምህርት ቤት አጥር የመገንባት ሥራ አገኘና ታናሽ ወንድሙን ደሴን አስከትሎ ሄደ። ክረምቱ ሳይገባ እንጨርሳለን ብለው ነበር፤ ሥራው ተጓተተና ክረምቱ እዚያው ያዛቸው። እኔና ሰላም ደባርቅ ቀረን። መካነ ብርሃን ከእኛ ዘንድ በካርታ ሲያዩት ቅርብ ነው ይላሉ። መኪናው ግን ተራራውን ሁሉ ወጥቶ፣ ጨነቅን አልፎ፣ ቧሂት ላይ ሰማይ ነክቶ ነው ወደዚያ የሚወርደው። ስልኩም እንደ ጉሙ ነው፤ ሲፈልግ ይገለጣል፣ ሲፈልግ ይዘጋል።

ነሐሴ ነበር፤ የፍልሰታ ጾም። ጠዋት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ዋርሳዬ ደሴ ነው።

«እትዬ ፋንታ፣ ደህና አደርሽ?»

«እግዜር ይመስገን። ምነው በጠዋቱ?»

«ምንም አይደል። መልካሙ ትንሽ አሞታል። ብትመጪ ጥሩ ነው።»

እግሬ ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቆመ።

«ምን ሆኖ?»

«ትንሽ ነው አልኩሽ። ብቻ ነይ።»

«እስቲ ስጠኝ ላናግረው።»

ከኋላው ዶሮ ሲጮህና ሰው ሲንሾካሾክ ይሰማኛል።

«ተኝቷል» አለኝ። ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ደግሜ ብደውል፣ ብደውል፣ አይገኝም።

የእኛን ሀገር ልማድ ለማታውቁ እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይ ላለ ሰውም አይነገርም። ሰው ሲሞትበት «እገሌ ትንሽ አሞታል፣ ና» ይባላል። መጥቶ እህል እንዲቀምስ፣ አረፍ እንዲል ይደረግና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ቄስ ይዘው በሩን ይመታሉ። መርዶ የሚነገረው ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ዘመድ ጎረቤቱ፣ አብሮት የሚሳፈረው ሳይቀር፣ «ደህና ነው» እያለ ያጅበዋል። ክፋት የለበትም። ሰው ብቻውን ገደል ለገደል እየሄደ ልቡ እንዳይሰበር የተፈጠረ ርኅራኄ ነው።

ርኅራኄው ግን አንድ ጣጣ አለው። ሰውየው የእውነት ትንሽ ቢያመውስ በምን ቃል ሊነገር ነው?

ያን ጊዜ ይህን አላሰብኩም። መልካሙ እንደሞተ አውቄያለሁ፤ አለቀ። ጎረቤቴ አበራሽ ገባች። ነገርኳት። «ምን ነካው?» ብላ አልጠየቀችኝም፤ እሷም አውቃለች። «ሰላምን እኔ ጋ ተያት» አለችና ሳጥኔን ከፍታ ጥለት የሌላትን ነጠላዬን አወጣች። የለቅሶ ነጠላ ናት። አጣጥፋ ከቦርሳዬ ሥር፣ ከልብሶቼ በታች ደበቀቻት። ስትደብቃት አየኋት፤ እንዳየኋት አየች።

መናኸሪያው ላይ የተገኘው ጨውና ዘይት የጫነ አንድ አይሱዙ ነበር። ሾፌሩ ቢምረው ይባላል፤ ምላሱ የማያርፍ ጎረምሳ።

«እትዬ፣ ጋቢናው ሞልቷል። ላይ ከጨው ጋር ትወጫለሽ፤ እንዳትሟሚ ብቻ!» ብሎ ሳቀ።

አበራሽ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ የሆነ ነገር አለችው። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ጋቢና የነበረውን ሰውዬ አስወርዶ ከጭነቱ ላይ ካሉት ጋር ቀላቀለው። «ግቢ እህቴ፣ ከመሃል ሁኚ፣ ይሞቅሻል» አለኝ። ሂሳብ ልስጠው ብል እጄን መለሰው። ሾፌር ሂሳብ አልቀበልም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በቀኜ ቄስ አላምረው ተቀመጡ፤ ጃናሞራ በሚገኝ ደብር የሚቀድሱ፣ ጥምጥማቸው ንጹሕ የሆነ ሽማግሌ። ከእሳቸው ወዲያ፣ በበሩ በኩል፣ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ ደባርቅ ያለ ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ቀያቸው የሚመለሱ ናቸው። በግራዬ ቢምረው። የበሩ መክፈቻ ተሰብሮ በገመድ ከውጭ ታስሯል። መሃል ላይ ተጣብቄ ስቀመጥ እንኳን ለመውረድ ለመተንፈስም የሦስት ሰው ፈቃድ የሚያስፈልገኝ መሰለኝ።

መንገዱን ሁሉ በደግነት ጠበሱኝ። እማማ ጥሩነሽ ቆሎ ያቀርባሉ። «ቅመሺ ልጄ፣ ጉልበት ይሆንሻል።» ቢምረው ከፍቶት የነበረውን ዘፈን ዘጋው፤ መልሶ ደግሞ ዝምታው ሲከብደው መዝሙር ከፈተ፤ መዝሙሩ ሐዘን ሆነበትና እሱንም ዘጋው። ቄስ አላምረው ዳዊታቸውን በቃላቸው ያነበንባሉ። ማንም ወደ እኔ በቀጥታ አያይም። ሁሉም ግን በዓይኑ ጥግ ይጠብቀኛል።

ቧሂት ላይ በረዶ ያዘን። የመስታወቱ መጥረጊያ ሊገፋው አልቻለም። ከላይ፣ ከጭነቱ ላይ ያሉት ሰዎች ሸራው ተቀዶባቸው «ኧረ ሾፌር፣ ኧረ በማርያም!» እያሉ የጋቢናውን ጣሪያ ይደበድባሉ። ቢምረው ጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ ቁልቁል ወረደና አንድ መታጠፊያ ላይ ድንገት ፍሬን ያዘ።

መንገዱ የለም። ከላይ የወረደ ናዳ፣ ድንጋዩም ጭቃውም ከነጅባራው ተክል፣ መንገዱን ሞልቶ ወደ ገደሉ ፈሷል። ቢምረው ወደ ኋላ ሊመለስ ሞከረ። ትንሽ እንደሄድን ቀደም ሲል የተሻገርናት ጅረት ሞልታ የመንገዱን ግማሽ በልታዋለች። በፊታችን ናዳ፣ በኋላችን ጎርፍ፣ በአንድ በኩል ግድግዳ የመሰለ ተራራ፣ በሌላው በኩል ነጭ ጉም ብቻ። ከጉሙ ሥር ገደል እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ቢምረው ሞተሩን አጠፋ። «እንግዲህ ቤት ተከራይተናል» አለ። ማንም አልሳቀለትም።

«በእግሬ እሄዳለሁ» አልኩ።

ሦስቱም ተያዩ።

«ወዴት?» አለ ቢምረው።

«ናዳውን ተሻግሬ። ሰው ይሻገረዋል።»

«እህቴ፣ ይሄን ጭቃ ፍየልም አይደፍረው። ነገ ሲጠነክር እናያለን።»

«ባሌ ታሟል። ልሂድበት።»

«ቢታመምስ፣» አሉ እማማ ጥሩነሽ ክንዴን በደረቅ እጃቸው ጥብቅ አድርገው፣ «ብትዘገዪም ያው ነው ልጄ። አትቸኩይ። ምንም የሚቸኮል ነገር የለም።»

ይህን ሲሉ ልቤ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? በሽተኛ ያለበት ሰው «ቶሎ ድረሺ» ይባላል እንጂ «አትቸኩይ» አይባልም። ተረዱልኝ፤ እሳቸው ከእኔ የበለጠ የሚያውቁት አንዳች ነገር የለም። አበራሽ ለቢምረው፣ ቢምረው ለቄሱ፣ ቄሱ ለእሳቸው በሹክሹክታ ያቀባበሉት የእኔኑ ፍርሃት ነው። እኔ ግን የእነሱን ፊት እያየሁ እርግጠኛ እሆናለሁ፣ እነሱም የእኔን ፊት እያዩ። እንደዚያ ሆነን ተዘጋግተን ተቀመጥን። የበሩ ገመድ ከውጭ ነው። ልውረድ ብል ሐዘንተኛ ራሷን ገደል ትጥላለች ብለው ነው የሚጠብቁኝ፤ የቢምረው እጅ በበኩሉ ካለው በር ላይ አልተነሣም።

ወደ ቄሱ ዞርኩ።

«አባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ባሌ ሞቷል?»

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው የለኝም። ደህና ይሆናል።»

«በመስቀልዎ?»

መስቀላቸውን አላነሡም።

«አባ፣ እርስዎ እንዲህ በመኪና የሚጓዝ ሐዘንተኛ አጅበው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ሲጠይቅዎት ምን ይሉት ነበር?»

ሽማግሌው ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ደህና ይሆናል እለው ነበር» አሉ።

ክፉ ሰው ስላልሆኑ አልዋሹኝም። ግን አያችሁ፣ ከዚያ በኋላ ምን ቢሉኝ ላምናቸው እችላለሁ?

በረዶው ቆሞ ጉሙ ሳሳ ሲል ከናዳው ማዶ ሰው ታየን። በቅሎ የሚጎትት ሰውዬ ነው። እሱም ናዳውን አይቶ ቆሟል። ቢምረው ሊያናግረው ሲወርድ በእሱ በር ተከትዬ ዘለልኩ። ሊይዘኝ እጁን ሰነዘረ፤ አልደረሰብኝም። ከናዳው ጫፍ ቆሜ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮኽኩ።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከመካነ ብርሃን!»

«ግንበኛውን መልካሙን ታውቀዋለህ?»

ሰውዬው መልስ ከመስጠቱ በፊት እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አየኝ። አንዲት ሴት ተራራ ላይ ቆማ ስትጮህ እሱም ማን እንደሆነች ገብቶታል።

«ምኑ ነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ!»

ድምፁ በጉሙ ውስጥ ተቆራርጦ መጣ።

«ደህና ነው! ትንሽ እግሩን ነው! ነገ ጠዋት በቃሬዛ ያመጡታል!»

ጉሙ ተመልሶ ሸፈነው። ደግሜ ብጠራው ድምፅ የለም፤ በቅሎውን ይዞ ተመልሷል።

ኋላዬ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል። ደህና ነው፣ ትንሽ፣ በቃሬዛ ያመጡታል። በቃሬዛ የሚመጣ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አስከሬን ነው ወደ አገሩ የሚመጣው። ጭነቱ ላይ የነበሩት ወንዶች አንድ በአንድ ወረዱ። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ሌላው ተከተለው። እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን መታ መታ እያደረጉ ጀመሩት።

«ወይኔ ልጄን… ወይኔ ግንበኛውን… ቤት ሠሪውን…»

ድምፃቸው ያምራል፤ የለቅሶ አዋቂ ናቸው። ለማያውቁት ሰው፣ ለእኔ ባል፣ ያን ብርድ ላይ ከልባቸው ነው የሚያለቅሱት። ዓይኔ እንባ ሞላ። እሪ ልል ደረስኩ። አንድ ጊዜ አፌን ብከፍት መሬት ላይ እንደምወድቅ፣ ፊቴን እንደምነጭ፣ ከዚያም እስኪነጋ ሰው እንደማልሆን አውቄዋለሁ። አፌን በእጄ ያዝኩት።

ከየት እንደመጣልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ዝም በሉ!» አልኩ።

እማማ ደነገጡ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጅዎን እስማለሁ፤ ግን ያቁሙ። ምን አላችሁኝ? ደህና ነው አላችሁኝ። ደሴም ትንሽ አሞታል አለ። አባም ደህና ይሆናል አሉ። ሰውዬውም ከማዶ ሆኖ ደህና ነው አለ። ሞተ ያለኝ አንድም ሰው የለም። እንግዲያው እንደ ቃላችሁ ደህና ነው። ደህና ለሆነ ሰው አይለቀስም!»

«ልጄ…» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ ሞቶም ከሆነ ነገ ይነግሩኛል። ነገ አለቅሳለሁ፤ ማንም አይቀማኝም። ዛሬ ግን አላለቅስም።»

ያበደች ሴት አትነካም መሰለኝ፤ ማንም ሊይዘኝ አልሞከረም። እኔም ሁሉን ከተናገርኩ በኋላ መሃላቸው ቆሜ ቀረሁ። ባሏ ደህና የሆነ ሴት በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ ምን ታደርጋለች? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ዙሪያዬን ስመለከት ጭነቱ ላይ የነበሩት ሰዎች በበረዶ ርሰው ጥርሳቸው ይጋጫል። የተቀደደው ሸራ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ነፋሱ ያርገበግበዋል።

«ቢምረው፣ ይህን ሸራ ማን ነው የሰፋው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«ይታያል። ዓሣ ልታጠምድበት ነው?»

ከወንዶቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። የቢምረውም ፊት ሲፈታ አየሁ።

«እስቲ አንቺ አሻሽዪው እንግዲህ፣ ባለሙያዋ!»

«መርፌ አምጣ።»

ጆንያ የሚሰፋበት ወፍራም መርፌና ሲባጎ ከመቀመጫው ሥር አወጣ። ሸራውን አወረዱልኝ። ከመኪናው ጎን፣ ነፋስ በማይደርስበት በኩል ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና ከጫፉ ጀመርኩ። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው መርፌው ሲወጋኝ እንኳ አይሰማኝም። አንድ ስፌት ስስብ «ደህና ነው» እላለሁ በልቤ፤ ሌላውን ስስብ «ሞቷል» ይለኛል ልቤ። ክርክሩ አላቆመም፤ ይህን የምላችሁ ጀግና መስሎ ለመታየት እንዳይመስላችሁ። ፍርሃቱ አብሮኝ ተቀምጧል። እጄ ግን እሱን አይሰማውም፤ ቀጥ አድርጎ ይሰፋል። እጄን ተከትዬ ያን ምሽት አለፍኩት።

ቀስ በቀስ ሰዉ ከበበኝ። አንዱ ሸራውን ይወጥርልኛል፣ አንዱ ሲባጎውን ይቆርጣል። እማማ ጥሩነሽ ቆሏቸውን ለሁሉም አካፈሉ። «ኧረ ይቺ ልጅ፣ ባሏ ደህና የሆነ ሰው ነው የምትመስለው» ሲሉ ሰማኋቸው ለቄሱ። ቄሱ «እሱ ነዋ፣ እስኪነገራት ድረስ ሚስት ናት» አሉ። ይህቺን ቃል አልረሳኋትም። ሳይጨልም ሸራውን ከመኪናው ወደ ድንጋዩ ወጥረን ሁላችንም ከሥሩ ገባን። ሌሊቱ እንደ ምንም አለፈ።

ሊነጋጋ ሲል ዓይኔን ስገልጥ ቄስ አላምረው ከአጠገቤ የሉም። ውጭ ቆመው ወደ ናዳው ያያሉ። ቢምረውና ሌሎቹም አብረዋቸው ቆመዋል። ሰማዩ ከወደ ምሥራቅ ሊቀላ ጀምሯል። ጎህ ነው። ቄስ አለ፤ ሽማግሌ አለ። መርዶ የሚነገረው በዚህ ሰዓት ነው ብያችኋለሁ።

ቄሱ ቀስ ብለው መጡ። የሸራውን ጫፍ ገለጥ አደረጉና ጎንበስ አሉ።

«ፋንታዬ ልጄ፣ ነይ ውጪ» አሉ።

መነሣት አቃተኝ። «ይንገሩኝ» አልኩ።

«የምነግርሽ የለኝም። እየመጡ ነው። ነይ ራስሽ እይ።»

እጄን ይዘው አወጡኝ። ጉሙ ከናዳው ላይ እየተነሣ ነው። ከማዶ፣ ቁልቁል ካለው መንገድ፣ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ይወጣሉ። ከሩቅ ቃሬዛው ላይ ያለው በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ነው እንጂ ፊት የለውም። ቄሱን አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ እጃቸው ተነሥቶ እኔን ሲያዩ መለሱት።

ከዚያ የተሸካሚዎቹ ድምፅ መጣ።

«አንተ ከፊት ያለኸው! ትከሻህን አውርደው እንጂ!»

«አንተ ነህ እንጂ ግመል ይመስል የረዘምከው፣ እኔ ምን ላድርግ?»

«ዝም ብላችሁ ተራመዱ! ትናንት ማታ እንደበላችሁት ቢሆን እስካሁን ጎንደር ነበርን!»

ይጨቃጨቃሉ! እናንተ ሰዎች፣ አስከሬን የያዘ ሰው አይጨቃጨቅም። አስከሬን የሚሄደው በዝምታ ነው፤ ወይም በለቅሶ። እግሬ ሳላዘው ወደ ፊት ሄደ። ልክ ያኔ ከጋቢው ውስጥ አንድ እጅ ብቅ አለና የቃሬዛውን እንጨት ደበደበ።

«ቀስ በሉ እንጂ! የተሸከማችሁት የአጥር ድንጋይ አይደለም እኮ!»

የመልካሙ ድምፅ ነው። የተናደደ፣ ያመመው፣ ሕያው የመልካሙ ድምፅ።

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም፤ ሳቅሁ። ሳቄ አላቆም አለኝ፤ ቢምረው ጀርባዬን እየመታ «ኧረ ትንፋሽ ያዢ» ይለኛል፣ እሱ ራሱ እያለቀሰ።

ናዳው በብርዱ ጠንከር ብሎ ስለነበር እጅ ለእጅ ተያይዘው ቃሬዛውን አሻገሩት። የገነባው አጥር ዝናብ በልቶት ተደርምሶ እግሩን ከጉልበቱ በታች ሰባብሮታል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ አስሮለት «ወደ ጎንደር አድርሱት» ብሎ ነው የተነሡት። ደሴ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ቀልቷል።

«ትንሽ አሞታል ነበር ያልከኝ!» ብዬ ደረቱን መታሁት።

«ግንብ ተደረመሰበት ብልሽማ ትደነግጫለሽ ብዬ ነዋ፣ እትዬ ፋንታ!»

«ድምፁን እንኳ ባሰማኸኝ!»

«መርፌ ወግተውት ተኝቶ ነበር፣ እውነቴን ነው!»

እውነቱን ነው። ሁሉም እውነቱን ነበር የተናገረው፤ ያመነ ግን አልነበረም።

መልካሙ ነገሩ ሲገባው በሕመሙ መሃል ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ሞተ ብላችሁ ነበር?»

«እኔማ ትናንት አልቅሼልሃለሁ ልጄ» አሉ እማማ ጥሩነሽ ኀፍረት ቢጤ ይዟቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ። አምሮ ነበር?»

«ቤት ሠሪው ብዬሃለሁ።»

«አጥሩን ካዩት በኋላ ያስተካክሉታል» አለ። በዚያ ተራራ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ሳቀ።

የኋላዋ ጅረት ሌሊቱን ጎድላለች። ወንዶቹ ድንጋይ ተሸክመው መንገዱን ሞሉት። መልካሙ ሸራው ላይ ተኝቶ «ትልቁን ከታች! ጠፍጣፋውን ወደ ውጭ!» እያለ ሲያዝዝ ቢምረው «ይሄ ሰውዬ በሽተኛ ነው ወይስ ኃላፊ?» እያለ ያጉረመርማል። ጨውና ዘይቱን አውርደው ጠባቂ ትተውበት መኪናውን አዞሩት፤ እኛን ይዞ ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ጎንደር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። እግሩ ዳነ፤ ጨርሶ ግን አልዳነም። መሰላል ላይ መቆም ቀረ። ለግንበኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ከዚያች አንዲት ቀን ይልቅ ከብደውኛል፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እያየ ሲቀመጥ፣ እኔ ስሰፋ፣ ሰላም መሃላችን ድምፅ አጥፍታ ስትሄድ። ጠዋት ስነሣ «ነገስ ምን ልንሆን ነው?» የሚለው ነገር እንደዚያ ጋቢና ያጣብቀኝ ነበር። ያኔ ለራሴ እንዲህ እላለሁ፦ ፋንታዬ፣ ነገ የሚነገርሽን ዛሬ አታልቅሺው። አሁን እጅሽ ሥር ያለው ምንድን ነው? ዩኒፎርም ነው? ዩኒፎርሙን ስፊ። አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም። ባልሠራበት ቀን ተኝቼ ውያለሁ፤ በማግሥቱ ተነሥቻለሁ። መልካሙም ከዕለታት አንድ ቀን «ይቺን አዝራር እኔ ልትከላት» አለ። ዛሬ በሩ ላይ ተቀምጦ አዝራር ይተክላል፣ ካላማረውም ከደንበኞቼ ጋር ይጣላል።

ሌላም ነገር ተለውጧል። እህት ወንድሞቼን ሁሉ ቃል አስገባኋቸው፤ ለእኔ ሞትን እንዳትደብቁኝ፣ ሕመምንም እንዳታለሰልሱብኝ፣ የሆነውን በስሙ ጥሩት አልኳቸው። «ደፋር ሆንሽ» ብለው ሽማግሌዎች ወቅሰውኛል። ልማዱን ለመናቅ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ያን ቀን ልባቸውን ሰጥተውኛል። ግን «ደህና ነው» የሚለው ቃል ለሞተውም ላለውም ሲነገር፣ በሕይወት ያለው ሰው ደህና ነው የሚባልበት ቃል ያጣል። እናንተ የምታነቡኝ፣ ቤታችሁ ስልክ ሲደወል ይህን አስቡልኝ።

አምና ዳባት ካለችው እህቴ ስልክ መጣ። «ፋንታዬ፣ እናታችን አረፈች። አሁን ጠዋት ነው» አለችኝ። እንዲያ፣ በቀጥታ። አልዋሻችሁም፣ እንደ ድንጋይ ነው የወረደብኝ፤ ሽማግሌዎቹ ለምን እንደሚደብቁ ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ቀን ቃል ባላስገባኋቸው ኖሮ ብዬም ተመኝቻለሁ።

ግን ተነሥቼ ጥለት የሌላትን ነጠላ ራሴ አውጥቼ፣ ራሴ አዘቅዝቄ ለበስኩ። የዳባት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ገና መናኸሪያውን ሳንወጣ ጮኼ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ወደ እኔ ዞራ በቀጥታ ዓይኔን አየችኝ።

«ማን ሞተብሽ እህቴ?»

«እናቴ።»

«ዋይ እናቴ!» አለች። ትከሻዬን አቀፈች፤ ረዳቱ ሬዲዮውን ዘጋ፤ ከኋላ ያሉት ለቅሶውን ተቀበሉን። ዳባት እስክንደርስ ድረስ ሚኒባሱ ሙሉ ለእናቴ አለቀሰላት።